የሽቶ ቀማሚው አራት ስጦታዎች

መርማሪዋ ወደ ምድር ቤቱ የሚወስደውን ጠባብ ደረጃ ወርዳ ስትጨርስ አስከሬኑ ገና አልተነሣም ነበር። ሽቶ ቀማሚው ጥግ ላይ ባለችው ዝቅተኛ ፍራሽ ላይ በጎናቸው ተኝተዋል። አንድ እጃቸው ከጉንጫቸው ሥር ነው። ላያቸው እንቅልፍ የጣለው ሰው እንጂ የሞተ አይመስሉም።

«ለምን አደከሙሽ? ነገሩ ግልጽ ነው» አላት የጣቢያው አዛዥ፣ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ። «ራሳቸውን ነው ያጠፉት።»

«በምን አወቅህ?»

«የሲሊንደሩ ጎማ ከቡታጋዙ ተነቅሏል፤ ማዞሪያው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ነበር። መስኮቱ ዝግ ነበር። ጋዝ ደግሞ ከባድ ነው፣ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ሲያገኝ ወርዶ ይተኛል። ሌላ ሰው ነው እንዳንል፣ እኚህ ሰውዬ ከተማው ሁሉ ‹አፍንጫው› እያለ የሚጠራቸው ናቸው። ጎረቤት ክብሪት ሲጭር የሚሸታቸው ሰው፣ ክፍሉ በጋዝ ሲሞላ ዝም ብለው ይተኛሉ?»

መርማሪዋ ፍራሹ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ጫማቸውን አውልቀው አጠገብ ለአጠገብ አድርገዋል፤ ካልሲዎቻቸውን አጣጥፈው ጫማው ውስጥ ከተዋል። መነጽራቸው ከእጃቸው በማይርቅ ቦታ ተቀምጧል።

«ሊሞት የወረደ ሰው ሲነሣ የሚያጠልቀውን ካልሲ ያጣጥፋል?»

«ልማድ አይለቅም» አለ አዛዡ።

«እሱስ አይለቅም።»

ቀና ብላ መደርደሪያውን አየች። ጠርሙሶቹ ያረጁ፣ ክዳናቸው በእጅ ብዛት ያበራ ነው። በእያንዳንዳቸው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግን አዲስ ነው፤ ቀለሙ እንኳ አልደበዘዘም። ከሚዛኑ አጠገብ ግማሽ ድረስ የተጠጣ ወተት በኩባያ ቆሟል። ወደ አፍንጫዋ ጠጋ አድርጋው ፊቷን አዞረች። የበሰበሰ ያህል ኮምጥጧል። በሟቹ ጢም ጫፍ ላይ ደግሞ የደረቀ የወተት ነጭ ነበር።

ከፍራሹ ራስጌ አንዲት በርጩማ አለች። በላይዋ ላይ ነፋስ ሊወስዳቸው የሚችሉ ቀላል የጥሬ ገለፈቶች ተበትነዋል። ጣቷን በምራቋ አርሳ ለቀመቻቸው፤ ኤንቨሎፕ ውስጥ ከተተቻቸውና ወደ ላይ ወጣች።

የምሳው ገበታ ገና አልተነሣም። ልደታቸው ነበር። ከቤተሰብና ከወዳጅ አራት ሰዎች ተሰብስበው በልተው ጠጥተዋል፣ ስጦታም ሰጥተዋል። ከምሳ በኋላ ባለልደቱ እንደ ወትሯቸው ጋደም ሊሉ ወደ ምድር ቤት ወረዱ፤ አልተመለሱም። ስጦታዎቹ በመስኮቱ ሥር ባለ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል፤ አንዷ ስጦታ፣ ትንሽ ወፍ፣ ብቻ በሽቦ ጎጆዋ ውስጥ መስኮቱ ላይ ተሰቅላ ትዘፍናለች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ረዳታቸውን ነው። በቤቱ ፊት በኩል ባለው ሱቅ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጦ ነበር፤ ዓይኑ በልቅሶ አብጧል። አስከሬኑን ያገኘው እሱ ነው።

«ደንበኛ ፈልጓቸው ልጠራቸው ወረድኩ። ጋዙ ከደረጃው ላይ ነው የተቀበለኝ። ትንፋሼን ይዤ ገባሁ፣ ማዞሪያውን ዘጋሁ፣ መስኮቱን በረገድኩ። ጋሼን ብነቀንቃቸው... ቀዝቅዘው ነበር።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«እዚሁ ነበርኩ። ደንበኛ አልተቋረጠም፣ ውጪ ያሉትን ጠይቂ።»

«ምን ሰጠሃቸው?»

«ሽቶ» አለ፤ አንገቱን ደፋ። «የራሴ ቅመም ነው፤ የመጀመሪያዬ። ምን ይሉኝ ይሆን እያልኩ ሰጠኋቸው። አሸተቱና ‹ጎበዝ› አሉኝ።»

«ደስ አላለህም?»

«ድሮ ቢሆን ይሄ ከብዷል፣ ያ ጎድሏል ሳይሉ አይለቁኝም። ሦስት ጊዜ አስደፍተውኝ ነው አራተኛውን የሚያዩልኝ። ዛሬ ጎበዝ ብቻ። ልደታቸው ስለሆነ አዝነውልኝ ነው ብዬ ተውኩት።»

«ጠርሙሶቹ ላይ የጻፈው ማነው?»

«ራሳቸው ናቸው። ባለፈው ጉንፋን ጥሏቸው ከተነሡ ወዲህ ነው። እርጅና መጣ፣ እረሳለሁ ብለውኛል። ቅመማውንም ከዚያ ወዲህ በሚዛን ብቻ ነው የሚሠሩት።»

ቀጥሎ ልብስ ሰፊው ገቡ። የሟቹ የልጅነት ጓደኛና የግድግዳ ጎረቤት ናቸው፤ ሳይቀልዱ ማውራት የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ፤ ዛሬ ግን ቀልዱ ከአፋቸው እየወጣ መንገድ ላይ ይቀርባቸዋል።

«የሥራ ካፖርት ሰፋሁለት። ገበሩ ውስጥ የደረቀ አበባ በከረጢት አድርጌ ሸሸግኩ። ፈልገህ አግኘው አልኩት። የዚህ ሰውዬ አፍንጫ እኮ... እየዳሰሰ ነው የፈለገው። ሊያስቀኝ ነው ብዬ ሳቅኩለት።»

«ከምሳ በኋላ የት ነበሩ?»

«እዚሁ ሶፋው ላይ ጥቅልል አልኩ። ግን ያቺ ወፍ አላስተኛ አለችኝ። መጀመሪያ ከወለሉ ሥር ስትዘፍን ሰማኋት። ከዚያ ዝም አለችና በኋላ ከራስጌዬ ጀመረች። ሕልም ነው መሰለኝ። በወይን ላይ መተኛት አይበጀኝም።»

መርማሪዋ ድንገት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ያን ጊዜ ቤት ውስጥ ማን ነበር?»

«እኔ ነኛ። እህቱ እትዬ ደግሞ ማጀት ሳህን ያጥባሉ። ሴት ልጁ ወደ ሥራዋ ሄዳለች።»

ሴት ልጃቸው መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ምሳ በልታ ለተራዋ ተመልሳ ሄዳ ነበር፤ ባልደረቦቿም መስክረውላታል። ከሩቅ አገር ያስመጣችውን የጽጌረዳ ዘይት ጠርሙስ ከጠረጴዛው አንሥታ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«ሥራ በቃህ እያልኩ ስጨቀጭቀው ነው የኖርኩት። ተኳርፈን ነበር፤ ይህን መታረቂያ ነው ያመጣሁት። ሳቅፈው በጆሮዬ ‹ነገ ለሁላችሁም የምነግራችሁ ነገር አለ፣ አንቺ ደስ ይልሻል› አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ራሱን ያጠፋል?»

እህታቸው የተገኙት ማጀት ነው። ከሟቹ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ ሳያገቡ በዚህ ቤት ኖረዋል፤ ሱቁን የሚያስተዳድሩት እሳቸው ናቸው። ቤተሰቡም ሠፈሩም እትዬ ይላቸዋል። የደረቀውን ሳህን መልሰው ያደርቁ ነበር።

«ወፏ የእርስዎ ስጦታ ናት?»

«አዎ፣ ልጄ።»

«በየዓመቱ ምን ነበር የሚሰጧቸው?»

«አበባ። ለመስኮቱ የሚሆን፣ ሽታው ደስ የሚል ተክል።»

«ዘንድሮ ምነው ወፍ አሰኝዎት?»

እጃቸው ሳህኑ ላይ ቆመ። «ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሰለቻል።»

«ከዚያ መስኮት ወርዳ ነበር?»

«ምን ልታደርግ? ከሰቀልኳት ጀምሮ እዚያው ናት።»

«ወንድምዎ ጋዙ ሸቷቸው ይሆን?»

«እሱ የማይሸተው ምን አለ?» አሉ እትዬ። «እያሸተተው ነው የተኛው። ሰልችቶት ነበር፤ ምን ይደረጋል።»

መርማሪዋ ከዚያ ቤት ወጥታ አንድ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ሄደች። በማግስቱ ጠዋት አራቱንም በምሳው ክፍል ሰበሰበቻቸው። አዛዡ በሩ ላይ ቆመ። ወፏን አንድ ሰው በጨርቅ ሸፍኗት ነበርና ክፍሉ ጭር ብሏል።

«ሁላችሁም የነገራችሁኝ አንድ ነገር ነው» ብላ ጀመረች። «እኚህ ሰው የማይሸታቸው ነገር የለም ብላችሁኛል። አዛዣችንም ራሳቸውን አጥፍተዋል ያለው በዚሁ ነው። እኔ ግን ምድር ቤት ያገኘሁት የኮመጠጠ ወተት የጠጣ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ እያሸተተ የለያቸውን ጠርሙሶች በድንገት ወረቀት የለጠፈባቸው ሰው ነው። ገበር ውስጥ ያለ አበባ በእጁ ዳብሶ የፈለገ ሰው ነው። ሐኪማቸውን ጠየቅኩ። ከዚያ ጉንፋን ወዲህ ማሽተት አይችሉም ነበር። ችሎታው ላይመለስ ጠፍቶ ነበር።»

ረዳቱ ከወንበሩ ተነሣ፤ መልሶ ተቀመጠ። «ታዲያ ሽቶዬን...»

«አላሸተቱትም። ደብቀውታል፤ ከሁላችሁም። እንግዲህ አስቡት። አንድ ሰው ወርዶ፣ ጎማውን ነቅሎ፣ ጋዙን ከፍቶ ወጣ። አፍንጫቸው እንደሚሠራ የሚያምን ሰው ይህን አይሞክርም፤ ወዲያው ይነቃሉ፣ ይይዙታል። ገዳዩ ምስጢሩን የሚያውቅ ሰው ነው። ማን ያውቅ ነበር?»

ወደ ጠረጴዛው ዞረች።

«ስጦታዎቹን ጠየቅኳቸው። ልጃቸው ለመታረቂያ ያመጣችው የጽጌረዳ ዘይት ነው። ማሽተት ለተሳነው ሽቶ ቀማሚ ይህ መታረቂያ ሳይሆን ስድብ ነው፤ አታውቅም ነበር። ረዳታቸው ፍርዳቸውን በጉጉት ጠበቀ፤ ‹ጎበዝ› ሲሉትም ቅር አለው። የሚያውቅ ሰው ፍርድ አይጠብቅም። ጓደኛቸው አበባ ደብቀው በአፍንጫህ ፈልግ አሉ፤ እሳቸውም አያውቁም። ሦስቱ ስጦታዎች ለአፍንጫ ናቸው። አራተኛው ለጆሮ ነው።»

ማንም ወደ እትዬ አልዞረም። 

«ይህ ብቻውን ሰው አያስከስስም» አሉ እትዬ በረጋ ድምፅ። «ወፍ ስለሰጠሁ ነው?»

«አይደለም። ወፏ ከመስኮቱ አልወረደችም ስላሉኝ ነው። ከፍራሹ ራስጌ፣ በርጩማው ላይ ወፏ የምትለቅመውን ጥሬ ገለፈት አግኝቻለሁ። ወንድምዎ ስጦታዎን ወድደውት እየሰሙ ሊተኙ ይዘዋት ወርደዋል። ልብስ ሰፊው ከወለሉ ሥር ስትዘፍን ሰምተዋታል፤ ቆይቶ ደግሞ ከራስጌያቸው። ስለዚህ ጋዙ ከመሙላቱ በፊት አንድ ሰው አውጥቷታል። ረዳቱ ሱቅ በደንበኛ ተከቦ ነበር፣ ልጅቷ ሥራዋ ላይ ነበረች፣ ልብስ ሰፊው ስለ አፍንጫው አያውቁም። የቀሩት እርስዎ ነዎት። ለምን አወጧት፣ እትዬ? ተንፈራግጣ እንዳትቀሰቅሳቸው ነው?»

እትዬ መጎናጸፊያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። መልሱ ሲመጣ ከማንም ይልቅ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስሉ ነበር።

«አይደለም። እሷ ምን አጠፋች?»

ልጅቷ በእጇ አፏን ያዘች። «እሱስ ምን አጠፋ? እትዬ፣ አባዬስ?»

«ድስት ሲያርርበት አጠገቡ ቁጭ ብሎ ነበር፤ ያኔ ነው ያወቅኩት» አሉ እትዬ። «ብቻዬን አለቀስኩ። እንዳላወቅኩ ሆኜ ወተቱን እኔ እያሸተትኩ ነበር የማቀርብለት፤ ለልደቱ ስሯሯጥ ነው ያመለጠኝ። ወፏንም ከልቤ ነው የገዛሁለት፤ አንድ ደስታው ቢሄድ ሌላ ይምጣለት ብዬ። ከምሳ በኋላ ማጀት መጣና አቀፈኝ፣ አመሰገነኝ። ከዚያ ነገ ለሁሉም እናገራለሁ አለኝ። አፍንጫዬ ሞቷል፣ ሱቁን ለረዳቴ እለቃለሁ፣ በሩ ላይም የእሱ ስም ይጻፍ አለኝ። የልጁ ስም! የአባታችን ስም ወርዶ!»

«እኔ ስም አልፈለግኩም» አለ ረዳቱ።

«አንተማ ምን ታውቃለህ? ሊያገባኝ የመጣውን ሰው የመለስኩት ለዚያ ስም ነው። ልጅ ሳልወልድ የቀረሁት ለዚያ ስም ነው። ለመንኩት፤ ‹እትዬ፣ ውሸት ደከመኝ› አለኝ። ወፏን ይዞ እያፏጨላት ወረደ። እኔ ስወርድ ተኝቶ ነበር። እንደ ሕፃን ነው የሚተኛው፤ እኔ እኮ ነኝ ያሳደግኩት።»

ልብስ ሰፊው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። አዛዡ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ እትዬ ቀረበ፤ ካቴናውን ከኪሱ ሊያወጣ ሲል መርማሪዋ በዓይኗ ከለከለችው። እትዬ ራሳቸው ተነሡ። ከማጀት ጫማቸውን አምጥተው አጠለቁ፣ ጸጉራቸውን አስተካከሉ፣ በሱቁ በኩል እንዲያወጧቸው ጠየቁ። ደጁ ላይ ደንበኞች ቆመው ነበር። እትዬ ለሁሉም እንደ ወትሮው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡ።

መኪናው ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ነገ በሰዓቱ ክፈቱ። ደንበኛ ደጅ ላይ አይጠብቅ።»

ልጅቷ መኪናው መታጠፊያው ጋ እስኪሰወር ቆመች፤ ከዚያ ደንበኞቹን አንድ በአንድ ይቅርታ ጠይቃ ሸኘቻቸው። ረዳቱ ሊያግዛት ቢቀርብም በእጇ መለስ አደረገችው፤ የብረቱን መዝጊያ ራሷ እስከ መሬት ጎተተችው።