የዛሪማው «ይፍቱኝ»

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ዓቢይ ጾም በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ መጋቢት ዐሥራ አንድ ቀን ሰኞ፣ ከደባርቅ ዙሪያ የተውጣጡ አርባ ገበሬዎች የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁል ይዘው ወደ ዛሪማ ወረዱ። በማለዳ ሲነሡ በሜዳው ላይ ውርጭ ነጥቶ፣ ከበሬዎች አፍንጫ ጭስ የመሰለ እስትንፋስ ይወጣ ነበር፤ ሰዉም ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ነበር የተነሣ። ከቁልቁለቱ አጋማሽ ጋቢው ከራስ ወደ ትከሻ ወረደ፤ ከገደሉ ግርጌ ተጠቅልሎ ብብት ውስጥ ገባ፤ ዛሪማ ሲደርሱ ግን ያ የደጋ ሰው ልብስም ቤትም የሆነው ጋቢ ከትኩስ አፈር ላይ ተጥሎ መቀመጫ ሆነ። ከበላያቸው የስሜን አምባዎች ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ፤ በዙሪያቸው ግራርና ቁጥቋጦ፣ የከሰለ ድንጋይ፣ ወራጁ ቀጥኖ እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ የቀረለት ወንዝ ነበረ፤ ነፋሱም ከምድጃ አፍ እንደሚወጣ ወላፈን ፊት ይገርፍ ነበር።

በዚያ ዘመን በትረ መንግሥቱ በደርግ እጅ ነበረ። ባለፈው ዓመት በዚያ አገር የተደረገው ጦርነት መንገዱን ቆራርጦት ስለ ነበር፣ ወደ ሰሜን የሚዘምተው ጦር ከክረምት በፊት እንዲያልፍበት ይጠገን የሚል ጥብቅ ትእዛዝ ለየገበሬ ማኅበሩ ደረሰ፤ ከየቤቱም አንድ ጎልማሳ ተጻፈ። መምሬ ገብረ ክርስቶስ ግን አልተጻፉም። የስድሳ ሦስት ዓመት ሽማግሌ፣ የኪዳነ ምሕረት ደብር ቄስና የመንደሩ ሁሉ የነፍስ አባት ነበሩ፤ ፍትሐ ነገሥቱንም ጎንደር አራት ዓመት ተቀምጠው የተማሩ ሊቅ ነበሩ። የወረዱት በፈቃዳቸው ነው፤ የወረዱትም ስለ አንድ ሰው፣ ስለ ልጃቸው ስለ በለጠች ባል፣ ስለ ይግዛው ነው።

በለጠች የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳ ሰባት ወሯ ነበር። ለመውረድ አንድ ቀን ሲቀር ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጠብቃ አባቷን ያዘቻቸው።

«አባ፣ ይግዛው ቀኖና ላይ ነው፤ እርስዎ ካልፈቱት ውሃ ባፉ አይዞርም። ያ አገር ደግሞ እሳት ነው ይላሉ። በሞቴ፣ እዚያ ሲደርሱ ይፍቱልኝ።»

ነገሩ እውነት ነበር። ይግዛው ባለፈው ዓመት በሰሙነ ሕማማት ጠላ ጠጥቶ ሰክሮ ስለ ተገኘ፣ የዘንድሮውን ጾም ከሰኞ እስከ ዓርብ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እህልም ውሃም ሳይቀምስ እንዲፈጽም መምሬ ቀኖና ሰጥተውታል፤ እሱም መስቀላቸውን ይዞ ቃል ገብቷል። ሌሎቹም ቢሆኑ በነፍስ አባታቸው ፊት ጾማቸውን የሚሽሩ አልነበሩም።

«ልጄ፣» አሏት፣ «ጾም ማንንም ገድሎ አያውቅም። እንደ ሄደ አድርጌ እመልስልሻለሁ።»

ሥራው ከተናደው ገደል ሥር ድንጋይ ፈልጦ እስከ መንገዱ መሸከም ነበር። ከመካከላቸው ቆላን የሚያውቅ ያርጋል የሚባል ጎልማሳ ብቻ ነበር፤ በንጉሡ ዘመን ሁለት ክረምት ሑመራ ወርዶ ሰሊጥ አርሟል። በሁለተኛው ቀን፣ በቀትር፣ ከአንዲት ግራር ሥር ተኮልኩለው ሲያርፉ የቆላ ነገር ተነሣ።

«ይህም ሙቀት ተብሎ!» አለ ያርጋል። «ሑመራን በነሐሴ ያየ ሰው በዚህ ይስቃል። እዚያ ወበቅ ነው፤ ሸሚዝህን ብትጨምቀው ክርስትና ታነሣበታለህ። ሲመሽም አይለቅህም፤ እንደ አማት ከደረትህ ላይ ተቀምጦ ያድራል። እርስዎን አይደለም መምሬ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ሰዉ ሳቀ።

«ይህ ግን ደረቅ ነው። ጥላ ከገባህ ሰው ትሆናለህ። እስቲ የላበው ማን ነው?»

ሁሉም ግንባሩን ዳበሰ። የላበው አልነበረም፤ በጆሮ ግንዳቸው ሥር የደረቀ ጨው ብቻ ነጥቶ ይታይ ነበር።

«እኔማ ቋንጣ ሆኛለሁ፤» አለ ይግዛው፣ ሸሚዙን አውልቆ እንደ ሌሎቹ ራቁት ጀርባውን ከጥላው ዳር ለፀሐይ ሰጥቶ። «አባ፣ ለፋሲካ ነው የሚያደርቁኝ?»

«በሁዳዴ ቋንጣ ይጠራል? ምላስህን እሰረው!» አሉት መምሬ፤ ነገር ግን እሳቸውም ፈገግ አሉ። ከዚያም የሰዉን ልብ ሊያጸኑ ብለው እንዲህ ሲሉ ተናገሩ፦ «አዳምን በፊትህ ወዝ እንጀራህን ትበላለህ ብሎ የፈረደበት ጌታ፣ ጾመኞች ብትሆኑ ወዙን ከፊታችሁ አነሣላችሁ። ደረቅ ግንባር ጸጋ ነው፤ አመስግኑ።»

ሁሉም አሜን አሉ። ከዚያች ቀን ወዲህ በዚያ ሰፈር ደረቅ ግንባር እንደ በረከት ይቈጠር ጀመር፤ ማታ ማታም «ዛሬም አላላበኝም» ይባባሉ ነበር።

የዘመቻው ኃላፊ ጓድ ቢራራ የሚባል የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አፉ ግን ክፉ ነበር። ረቡዕ ቀትር ላይ በሬዲዮ አንቴና ዘንግ መሬቱን እየቆረቆረ መጣና ከሰዉ መካከል ቆመ።

«ውሃ ለምን አትጠጡም? ነጋዴው ጠይብ በአህያ ያመላለሰው ውሃ በርሜል ውስጥ ሙሉ ነው! በዚህ ፀሐይ ያልጠጣ ይደፋል፤ የተደፋ ድንጋይ አይሸከምም። ጓድ ቄስ! አምላክዎ ለመሆኑ ዛሪማን ያውቃታል?»

«ሳትፈጠር ያውቃታል፤» አሉ መምሬ ረጋ ብለው፤ «የመጡት እርስዎ ነዎት ትናንት።»

አርባው ሰው በአንድ ጊዜ ሳቀ፤ ያርጋል ጉልበቱን መታ። ጓድ ቢራራ ፊቱ ቀልቶ ሄደ። መምሬም በሰዉ ሳቅ ልባቸው ሞቀ፤ በዚያች ቅጽበት በራሳቸው ቃል እንደ ታሰሩ አላወቁም። ከዚያ በኋላ ውሃ መጠጣት ለጓድ ቢራራ መንበርከክ መሰለ።

እሑድ መፃጉዕ ነበረ። መምሬ በዛሪማ ቤተ ክርስቲያን ካስቀደሱ በኋላ የዕለቱን ወንጌል ለሰዋቸው ተረጎሙላቸው፤ በመጠመቂያው ዳር ሠላሳ ስምንት ዓመት ተኝቶ ውሃው በተናወጠ ጊዜ የሚያወርደው ሰው ስላጣው በሽተኛ። «ሰው የለኝም አለ፤» አሉ መምሬ፣ «ውሃው ከአጠገቡ ነው፤ የጎደለው ሰው ነው።» ይህን የተናገረ አንደበታቸው ነው፤ ጆሯቸው ግን የሰማው በኋላ ነው።

ማክሰኞ ማለዳ ጠይብ አህዮቹን ከወንዙ ሲያጠጣ መምሬ ፊታቸውን ሊታጠቡ ወረዱ። ጠይብ የዛሪማ ነጋዴ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ በቆላው የተወለደ ሰው ነበር፤ ከራሱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በሰፊ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይሄዳል።

«እንዴት አደሩ መምሬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ ይህን ሁሉ ጨርቅ ተሸክመህ እንዴት ትችላለህ? የእኛ ልጆች እርቃናቸውን ነው የሚውሉ።»

«እሱን ልነግርዎ ፈልጌ ፈራሁ፤ በእምነትዎ የገባሁ እንዳይመስልብኝ።» ጠይብ የአህያዋን ልጓም ለቀቀ። «መምሬ፣ ሰዎችዎ ደረቁ ሙቀት ይሻላል ይላሉ አሉ። ለስሜቱ እውነት ነው፤ ይቀላል። ግን ወበቅ እንግዳ ነው፤ በር አንኳኩቶ ይገባል፤ ልብስዎን አርሶ ‹መጣሁ› ይላል፤ ሰውም ይጠነቀቃል። ደረቁ ሐሩር ሌባ ነው። ላቡን ከቆዳ ብቅ ሳይል ይልሰዋል። ሰውየው ‹አላላበኝም፣ ደኅና ነኝ› እያለ ውስጡ ያልቃል። ይህን ጨርቅ የምጠቀለለው ከሌባ ልደበቅ ብዬ ነው።»

መምሬ እጃቸውን ከውሃው ሳያወጡ ቆዩ።

«ትንሽ ላብ እስካለ ተስፋ አለ፤» አለ ጠይብ። «ግንባሩ ደርቆ የጋለ፣ ጨዋታ የተወ ሰው ካዩ ግን አይዘግዩ። እኛም እንጾማለን፤ ለታመመና ለመንገደኛ ግን ይፈታል፤ በሌላ ቀን ይከፍላል። በእናንተ ዘንድ እንዴት እንደ ሆነ አላውቅም።»

«በእኛም እንደዚያው ነው፤» አሉ መምሬ በቀስታ።

ሕጉን አጥተውት አይደለም። ለድውይ ጾም እንደሚፈታ አንቀጹን ከነንባቡ ያውቁታል። ወደ ሰፈር ሲመለሱ ልባቸው ተቈርጦ ነበር፤ ሰዉን ሰብስበው «ተፈትታችኋል፤ ጠጡ» ሊሉ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ጓድ ቢራራ ከበርሜሉ አጠገብ ጽዋ ይዞ ቆሞ አዩት።

«ጓድ ቄስ፣ ዛሬስ? አምላክዎ ፈቀደ?»

መምሬ አፋቸውን ዘጉ። ጓድ ቢራራ ዓርብ ማለዳ ሪፖርት ይዞ ወደ ደባርቅ እንደሚወጣ ሰምተው ነበር። «ዓርብ እፈታቸዋለሁ፤» አሉ በልባቸው፣ «ሦስት ቀን ነው፤ ይህ አላዊ ሲሄድ፣ ሥርዓቱ ሳይዋረድ።» ሦስት ቀን በደጋ ምንም አይደለም።

ሐሙስ የማርያም ዕለት ነበረ፤ መጋቢት ሃያ አንድ። ነፋሱ ቆመ፤ የድንጋዩ ግለት ከጫማ በላይ ዘለቀ። ይግዛው ከማለዳ ጀምሮ አልቀለደም። ስድስት ሰዓት ገደማ ተሸክሞት የነበረውን ድንጋይ አውርዶ፣ በቀስታ እየተራመደ መምሬ ወደ ተቀመጡበት ጥላ መጣና ጎንበስ አለ።

«አባ፣ ይፍቱኝ።»

መምሬ ዳዊት እየደገሙ ነበር፤ ቀና ሳይሉ መስቀላቸውን አነሡ፤ በግንባሩ አሳረፉ፤ አሳለሙት። «እግዚአብሔር ይፍታህ፤» አሉት፣ ለስድሳ ሦስት ዓመት ሲሉትና ሲባሉት እንደ ኖሩት ሁሉ። የጣታቸው ጫፍ ግንባሩን ሲነካ ደረቅ ነበር፤ እንደ ጋለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደረቅ። ይግዛው ወዲያው አልሄደም። ሌላ ቃል እንደሚጠብቅ ሰው ጎንበስ እንዳለ ቆየ። መምሬ ግን ወደ መዝሙራቸው ተመለሱ፤ እሱም ቀና ብሎ ወደ ድንጋዩ ሄደ።

ብዙ አልቆየም። «ና ቦራ! ሳብ ቦራ!» እያለ ድንጋዩን እንደ በሬው ሲጠራ ሰሙት። አንዳንዱ ቀልዱ የተመለሰ መስሎት ሳቀ። ከዚያ በፊቱ ተደፋ።

ጠይብ ጨርቁን አውልቆ በውሃ ነክሮ አለበሰው፤ ያርጋል ራሱን ደገፈ፤ ጓድ ቢራራ ሮጦ በጽዋ ውሃ አመጣ። መምሬ ጽዋውን ከወጣቱ እጅ ነጥቀው በይግዛው ከንፈር ላይ አደረጉ።

«ጠጣ ልጄ፣ ፈትቼሃለሁ፤ ጠጣ፤ ፈትቼሃለሁ!»

ውሃው በከንፈሩ ዳር ወርዶ አፈሩ ውስጥ ገባ። አፈሩ ወዲያው ጠጣው።

«መምሬ፣» አለ ያርጋል የይግዛውን ዓይን ከድኖ፣ ቀና ሳይል፣ «ሊያስፈቅድዎ ነበር የመጣው። ‹አያ ያርጋል፣ አባን ሄጄ ይፍቱኝ ልበላቸው፤ አላስቻለኝም› ብሎኝ ነበር። ሲመለስ ‹ፈቱህ?› ስለው፣ ‹እግዚአብሔር ይፍታህ አሉኝ፤ ጠጣ ግን አላሉኝም› አለ።»

መምሬ ገብረ ክርስቶስ ተነሥተው ቆሙ። «ሁላችሁም ተፈትታችኋል፤» አሉ፣ ድምፃቸው ለራሳቸው እንግዳ ሆኖ፤ «ጠጡ።» ሠላሳ ዘጠኙ ሰው በሬሳው ዙሪያ ቆሞ፣ ጽዋውን እየተቀባበለ፣ እያለቀሰ ጠጣ። ጓድ ቢራራ ቆቡን አውልቆ በእጁ ይዞ ነበር። «ጠጡ ብዬ ነበር፣ አባ፤» አለ በዝግታ። ከመጡ ወዲህ «አባ» ሲላቸው ያ የመጀመሪያው ነበር።

በዚያ ሙቀት ሬሳ ወደ ደጋ አይወጣም። በዚያው ዕለት ከዛሪማ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ቀበሩት።

ዘመቻው ሚያዝያ ዐሥራ አራት፣ በሆሣዕና ዋዜማ አለቀ። የሊማሊሞን አቀበት ወጥተው ብርዱ ሲቀበላቸው ሁሉም ጋቢውን ለበሰ፤ መምሬ ግን ሁለት ጋቢ ይዘው ነበር፤ አንዱን አልለበሱትም። በለጠች ከሜዳው ጫፍ ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። የጓድ ቢራራ ሪፖርት ከጽሕፈት ቤት ስላልወጣ ወሬው አልቀደማቸውም። አባቷን ስታይ በከባድ ሆዷ ጎንበስ ብላ መስቀላቸውን ፈለገች።

«አባ፣ ይፍቱኝ። ይግዛው ከኋላ ነው?»

መምሬ መስቀሉን አነሡት። «እግዚአብሔር» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቃል አልወጣላቸውም። በለጠች ቀና ስትል በክንዳቸው ያለውን ጋቢ አየች።

በስቅለት ዕለት ወንጌሉን እንዲያነቡ የተመደቡት እሳቸው ነበሩ። «ጸማእኩ» ከሚለው ሲደርሱ፣ ጌታ በመስቀል ላይ ተጠማሁ ካለበት፣ ቆሙ። ሕዝቡ ሲሰግድ ቆይቶ ዝምታው ረዘመበት፤ ሌላ ካህን መጽሐፉን ተቀብሎ ፈጸመላቸው። ከዚያ ወዲህ በደብሩ አላነበቡም።

መንገዱ ተጠገነ፤ ጦሩም አለፈበት። በዚያ ዘመቻ መዝገብ «የሞተ፦ አንድ፤ ምክንያት፦ ንዳድ» የሚል መስመር ተጽፎ ነበር፤ በዚያ አገር ንዳድ ማለት የወባ በሽታ ነውና፣ ያነበበ ሁሉ ትንኝ የገደለችው ገበሬ አድርጎ አልፎታል። መዝገቡም ከደርግ መውደቅ በኋላ የት እንደ ገባ አልታወቀም። በለጠች በግንቦት ወንድ ልጅ ወለደች፤ ክርስትናው ሲነሣም አያቱ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆመው ነበር።

መምሬ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። በመንገድ ያገኛቸው ሰው፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ ጎንበስ ብሎ «ይፍቱኝ» ሲላቸው መስቀሉን አያነሡም ነበር፤ አስቀድመው ትኩር ብለው ፊቱን ያያሉ፤ በመዳፋቸው ግንባሩን ይዳስሳሉ፤ ከዚያም «ከምን፣ ልጄ? ከምን ልፍታህ?» ይላሉ። ሰዉ እርጅና ነው አለ። እረኞች ሳይቀሩ «መምሬ ከምን» የሚል ስም አወጡላቸው። እሳቸውም ሞቱ፤ ያርጋልም ሞተ፤ ጠይብም አገር ለቀቀ። ዛሬ በዚያ መንደር ነገር ሲነግሩት ጥያቄ የሚያበዛ ሰው ሲገኝ «አንተ ደግሞ እንደ መምሬ ከምን!» ይሉታል፤ ይስቃሉም፤ የዚያ ቃል ሥሩ በዛሪማ ደረቅ አፈር ውስጥ እንደ ቀረ ግን የሚያውቅ የለም።