የጎደሉት አምስት ሰዓታት

እርሳሷ ባሕሩ መሃል ላይ ቆመ። ልጅቷ አትላሱ ላይ አጎንብሳ እንደገና ቆጠረች። የመጀመሪያው ሰዓት በረሃው ላይ፣ ሁለተኛው ተራሮቹ ላይ፣ ሦስተኛው የባሕሩ ዳርቻ ላይ፤ አራተኛው ግን ውሃ ብቻ። ሳምንቱን ሙሉ በሐሳቧ ስትበር ነው የከረመችው። ዛሬ ደግሞ ከአያቷ ጋር ወደ አክስቷ ሲበሩ በየሰዓቱ ከምን በላይ እንደሚሆኑ ማወቅ አማራት። የመንገደኞች አውሮፕላን በሰዓት ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል ብለዋል መምህሩ። ከዚህ እስከ አክስቷ ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ነው። አካፈለችው። ዘጠኝ ሰዓት መጣ።

እሷ ለአያቷ የነገረቻቸው አራት ነው።

ስህተቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀባትም። አክስቷ የላከችው መልእክት በረራው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተነስቶ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይደርሳል ይላል። ቀነሰችና አራት አለች፤ አክስቷ ያለችበት አገር ሰዓት በአምስት ሰዓት ወደ ኋላ እንደሚቀር ጭራሽ ረስታ። ቤተሰቡ ሁሉ «ሒሳብ ከሆነ ለእሷ ስጧት» የሚላት ልጅ፣ ጉድ ሆነች።

አያቷ ሠላሳ አራት ዓመት የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ግራ ጉልበታቸውን የጨረሰው ክላች ነው፤ ከአምስት ሰዓት በላይ ከተቀመጡ ሁለት ቀን ቀጥ ብለው መቆም አይችሉም። ልጃቸውን፣ አክስቷን፣ ካዩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸው እንኳ እሺ ያሉት «አራት ሰዓትማ ምን አላት፣ ከቁርስ እስከ ምሳ ናት» ብለው ነው። አብራቸው የምትሄደው ደግሞ እሷ ናት። አውሮፕላን ውስጥ ገብታ አታውቅም። ክፍል ውስጥ ተቀምጣ እንኳ ደመናውን ከላይ ታየዋለች፤ ነጭ፣ ጸጥ ያለ፣ ማንም ያልረገጠው ሜዳ።

ዝም ብትልስ? አውሮፕላኑ አንዴ ከተነሳ መውረድ የለም። አክስቷ ቲኬት ልቁረጥ ወይ ብላ አሥር ሰዓት ላይ ትደውላለች። አሁን ለአሥር ሩብ ጉዳይ ነው።

አያቷ በረንዳው ላይ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው ራዲዮ ይሰማሉ።

«ነይ እስቲ ረዳቴ፣ ሻንጣው ተጫነ?» አሏት።

«አባባ፣ ተሳስቼ ነበር። መንገዱ አራት ሰዓት አይደለም። ዘጠኝ ነው።»

ራዲዮውን ዘጉት።

«ዘጠኝ? መሃል ላይ ወርዶ እግር ማፍታታት የለም?»

«የለም። መተላለፊያው ላይ መራመድ ይቻላል ይላሉ። እኔ እንጃ፣ ሄጄ አላየሁም።»

ጉልበታቸውን በመዳፋቸው አሹት።

«እናትሽ ታውቃለች?»

«ማንም አያውቅም።»

«ታዲያ አፍሽን ይዘሽ ብትቀመጪ ምን ነበረበት? ስትጓጊ አይደል የከረምሽው?»

«ጉልበቱ የእርስዎ ነው» አለች። ልቧ አሁንም እንሂድ፣ እንሂድ ይላታል።

አያቷ ትኩር ብለው አዩዋት።

ስልኩ እጇ ላይ ጠራ። አክስቷ ናት። ሌላ ጊዜ ቀድማ የምታነሳውና ወሬውን የምትጀምረው እሷ ነበረች። አሁን ግን ሳታነሳው ለአያቷ ሰጠቻቸው፤ ከዚያ ፊቷን አይተው አዝነውላት እሺ እንዳይሉ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ወደ ውስጥ ገባች።