የግራናው ስድስት ጎራሽ

እኔ ጅን፣ ዛር፣ የሙት መንፈስ ሲባል «ተዉኝ እባካችሁ» የምል ደረቅ ሰው ነኝ፣ ወልድያ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመስክር፣ ይህንንም የማወራችሁ በገዛ ጆሮዬ ስለሰማሁት ብቻ ነው።

አሮጌ መሣሪያ መግዛት እወዳለሁ፣ ፈቃዱም አለኝ። ሰይድ የሚባል የግራና ገበሬ «እናቴ ዘንድ የጣሊያን ጊዜ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አለ፣ ና እየው» አለኝና አብረን ሄድን። መንገድ ላይ ሁሉንም ነገረኝ፣ አባቱ ይማም ያንን ሽጉጥ ታጥቆ በደርግ ጊዜ ጦርነት ሄዶ ቀረ፣ ሽጉጡን ጓደኛው መለሰው፣ የእሱን መጨረሻ ግን ያየ የለም።

«እናቴ የአባትህ ድምፅ ይሰማኛል ትላለች፣ አገሩ አበደች እያለ ያማታል። ወላሂ፣ ሽጉጡ ከቤት ቢወጣላት ትድን ነበር» አለኝ።

ረፋድ ነው፣ ፀሐይዋ ፏ ብላለች፣ ጨለማ ነበር እንዳትሉኝ። እናቱ እመት ዘሀራ ሽጉጡን ከተጠቀለለበት ጨርቅ ፈተው ሰጡኝ። ጥይት እንደሌለው አረጋገጥኩ፣ የአውራ ጣቴን ጥፍር ከአፈሙዙ ኋላ ደቅኜ ከጥፍሬ በሚንጸባረቀው ብርሃን ውስጡን አጮልቄ አየሁ፣ ዝገት የሚባል የለውም፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ምላጩን ሳብኩት፣ ቀጭ!

«አቤት!» አለ አንድ ሰው ከጓሮ።

ጎረቤት ነው ብዬ ተውኩት። ደገምኩት፣ ቀጭ፣ «አቤት!»፣ አሁን ደጃፉ ላይ ነው፣ ጎርናና የወንድ ድምፅ፣ እመኑኝ፣ የበሩ መጋረጃም ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባ ይመስል ገለጥ አለ፣ ነፋስ ደግሞ የለም። ሰይድ ስልኩን ይነካካል፣ ምንም አልሰማም። ድመቷ ግን ከመደቡ ወርዳ፣ ጭራዋን አቁማ፣ ባዶው ደጃፍ ላይ ሰው እግር ላይ እንደምትታሸው ትታሻለች።

እመት ዘሀራ ሽጉጡን ትተው እኔን ያያሉ።

«ሰማኸው አይደል ልጄ? ይማም ነው። ስጠራው እንዲህ ነበር የሚለኝ።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አንድ የሚያምናቸው ሰው ስንት ዘመን እንደጠበቁ ያን ጊዜ ገባኝ፣ አንጀቴን በሉት።

ሰይድ ቀና አለና «በል እስቲ አንተ ንገራት፣ የሰማኸው ነገር አለ?» አለኝ።

እኔስ ምን አልኩ? እኔንም አበደ እንዳይሉኝ ፈርቼ «የለም እናቴ፣ ምንም አልሰማሁም» አልኩ፣ አፌን ይቁረጠውና።

አልተቆጡኝም። «ይሁን፣ አላህ ያውቃል» ብለው ሽጉጡን ከእጄ ተቀበሉኝ፣ ግዢውም በዚያው ቀረ። ከግቢው ልወጣ ስል ከኋላዬ «ይማም!» ብለው ሲጣሩ ሰማሁ፣ «አቤት!» የሚለው መልስ የመጣው ከትከሻዬ አጠገብ ነው፣ ትንፋሹ ጆሮዬን ነካኝ፣ ሳልዞር እግሬ አውጪኝ አልኩ።

ይኸው ለእናንተ ሰማሁ አልኳችሁ፣ ለእሳቸው ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። በግራና ባለፍኩ ቁጥር ገብቼ እውነቱን ልንገራቸውና ይረፉ እላለሁ፣ ግን ደጃቸው ቆሜ «ቤቶች!» ብል ማን «አቤት!» እንደሚለኝ ሳስብ እግሬ አልሄድ ይለኛል።