በሁለት መዝሙር መካከል ያለች ዝምታ

ፊልሞን የመኪናዋን መስኮት ያንኳኳው መውጫ ስለዘጋችበት ነበር። የእሁዱ አምልኮ አልቆ ሰው ሁሉ ወደ ሞርስ ሮድ እየወጣ ነው። መስኮቱ ዝቅ ሲል ግን «ይቅርታ እህቴ፣ ትንሽ ፈቀቅ...» ብሎ የጀመረውን መጨረስ አቃተው። ፊቷ በእንባ ርሷል።

«ይኸው! አሁንም ተቋረጠ!» አለች ስልኳን እየዘረጋችለት፣ ጥፋቱ የእሱ ይመስል።

ስመኝ ትባላለች። ባሏ ግርማቸው የዚያው ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ነበር፤ ልቡን አሞት በድንገት ካረፈ ዓመት አልፎታል። ፊልሞን አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ የመጣው ከዚያ በኋላ ስለሆነ አያውቀውም። ሳምንቱን ዎርዝንግተን በሚባለው ሰፈር አንድ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ሲያስተካክል ይውላል፤ እሁድ እሁድ የቸርቹን ሳውንድ፣ የድምፅ መሣሪያውን፣ ይይዛል።

«ምኑ ነው የተቋረጠው?»

«የመጨረሻ አምልኮው ነው። ያን ቀን ሳያቆም ነው የዘመረው፣ ከአንዱ መዝሙር ወደ ሌላው እየተሻገረ። ከቀብሩ በኋላ የቸርቹ ልጆች በየመዝሙሩ ቆርጠው ስልኬ ላይ ጫኑልኝ። አሁን አንዱ አልቆ ሌላው እስኪጀምር... ዝም ይላል።»

«ለትንሽ ሰከንድ እኮ ነው።»

«ለአንተ ትንሽ ናት! ለእኔ ግን በየመሐሉ እንደገና ይሞትብኛል።»

ፊልሞን በተናገረው አፈረ። «እስቲ ስጪኝ፣ ልየው» አለ።

ከዚያ ወዲህ ከአምልኮ በኋላ አብረው መቀመጥ ለመዱ። የማጫወቻ አፑን ሴቲንግ ነካካ፤ አልሆነም። ስፒከር ቀየረ፤ አልሆነም።

«ችግሩ ፋይሎቹ ናቸው» አላት በመጨረሻ። «ወደ ኤምፒስሪ ሲቀየሩ በየመዝሙሩ መነሻና መድረሻ ላይ ባዶ ድምፅ ይጨመራል። አፑ ደግሞ ያንን መዝለል አልቻለም።»

ሙከራው ባልሰመረ ቁጥር ወሬያቸው ረዘመ። አንድ ቀን፣ ኮሎምበስ በገባ በመጀመሪያው ክረምት በረዶ አንሸራቶት ከነእንቁላሉ ሱቅ በር ላይ እንደተዘረጋ ሲነግራት ከልቧ ሳቀች። ፊልሞን ያን ሳቅ ይዞ ቤቱ ገባ። ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለም።

ደስ ሊያሰኛት ቸኮለ። የአንዱን መዝሙር መጨረሻ ከሚቀጥለው መጀመሪያ ጋር የሚያደራርብ ሴቲንግ አበራላት። ዝምታው ጠፋ። በማግስቱ ኮል አደረገችው።

«ምን አደረግክ ፊልሞን?» አለችው። «መጨረሻ ላይ የሚላት ቃል ተውጣለች! ድምፁን አጠፋህብኝ!»

«አልጠፋም ስመኝ፣ ሴቲንጉ ነው...»

«እንደምትፈልገኝ ሰው ነግሮኛል። ለካ ቀስ በቀስ የምትቆራርጠው ከልቤ ልታወጣው ኖሯል!»

ስልኩን ዘጋችበት።

መውደዱ እውነት ነበር። ለዚህ ነው ንግግሯ አጥንቱ ድረስ የዘለቀው።

በዚያው ሳምንት የቸርቹን ኮምፒውተር ሲበረብር ዋናውን ቅጂ አገኘው፤ ያልተቆረጠ፣ ወደ ኤምፒስሪም ያልተቀየረ። ሄድፎኑን አደረገ። የግርማቸው ድምፅ ደክሞ ሊወርድ ሲል የአንዲት ሴት ድምፅ ከሥሩ ተቀበለው፤ ደግፎም ወደሚቀጥለው መዝሙር አሻገረው። ድምፁን ለየው፤ ስመኝ ነበረች። ቆራጮቹ ቢላቸውን ያሳረፉት ልክ ሁለቱ ድምፆች የተያያዙበት ላይ ነው።

«አላገኘሁትም ብላትስ?» አለ ለራሱ። ማንም አያውቅበትም። እሷም አንድ ቀን ግርማቸውን ትረሳው ይሆናል።

ግን አላደረገውም። ባዶ ድምፅ ሳይገባበት እንደነበረ አሰናዳውና ከሰዓት በኋላ ቤቷ ድረስ ወሰደው።

«ዋናው ተገኘ» አላት በሩ ላይ ቆሞ። «ስልክሽ ላይ ያለውም አልጠፋም ነበር።»

ገብቶ ተቀመጠ። ከፈተችው። መሸጋገሪያው ላይ ሲደርስ እጇ አፏ ላይ ቀረ።

«ይህቺ... እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ።»

«ያን ቀን አብሬው መዘመሬን ረስቼው ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ዘምሬ አላውቅም...»

እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ እስከ መጨረሻውም አለቀሰች። ሲያበቃ «ይቅር በለኝ፣ ክፉ ተናገርኩህ» አለችው።

«የነገሩሽ ግን እውነት ነው። እወድሻለሁ ስመኝ። ጠብቀኝ ካልሽኝ እጠብቃለሁ።»

እጁን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ካንተ ጋር ስስቅ ሕመሜ ይቀለኛል፤ አልዋሽህም። ቤቴ ስገባ ግን የምፈልገው እሱን ነው። አንተን በሰው ቦታ ማስቀመጥ ግፍ ይሆንብኛል። አትጠብቀኝ ፊልሞን... እባክህ!»

በጸደይ ዴንቨር ወደምትኖረው እህቷ ዘንድ ለመሄድ ወሰነች። ኤርፖርት ያደረሳት እሱ ነው።

«ስትደርሺ ደውይልኝ።»

«አልደውልም። ብደውል ትጠብቃለህ።»

አቅፋው ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችውም። ከዚያ ሻንጣዋን እየጎተተች ገባች፤ ዞራ ግን አላየችም።

ፊልሞን ቃሏን አከበረ፤ አልደወለም። ብዙ ወራት ቆይቶ ዴንቨር ባለች አነስተኛ ቤተ ክርስቲያን መዘመር መጀመሯን ከሰው ሰማ።

«ደስ ይበላት!» አለ፤ ከልቡ ነበር። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እንባው እስኪደርቅ ጠበቀ።