ሸውሸዌ ከማን ወገን ነው?

መርማሪዋ ወደ ቤተ ሙከራው ስትገባ መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው ሬሳው ላይ አልነበረም። ግድግዳ ተደግፈው መሬት የተቀመጡ አሮጊት አየች። እጃቸው በካቴና ታስሯል፤ ሻሻቸው ወልቆ ትከሻቸው ላይ ወድቋል።

«እኚህን እናት ማን አሰራቸው?»

«እኔ ነኝ፣ ኢንስፔክተር» አለ ወጣቱ ፖሊስ ደረቱን ነፍቶ። «የጽዳት ሠራተኛ ናቸው። እጃቸው ደም በደም ሆኖ ነው ያገኘኋቸው። ያለቀለት ጉዳይ ነው።»

«ካለቀለት እኔን ምን ልሁን ብለህ ጠራኸኝ?»

ፖሊሱ ወደ ጎን ፈቀቅ አለላት። መሥሪያ ቤት ውስጥ «መርፌ» የሚሏት ቅጥነቷን አይተው ብቻ አልነበረም፤ ስትናደድ ድምጿን ሳታሰማ ትወጋለች። ዛሬ ደግሞ ገና ከደጃፉ ደሟ ፈልቷል።

ሟቹ የተቋሙ አንጋፋ የእጽዋት መምህር ነበሩ። ከረጅሙ ጠረጴዛ ሥር በደረታቸው ተደፍተዋል። ቅጠል ለማድረቅ ከላይ የሚጫነው ከባድ ብረት አጠገባቸው ወድቋል፤ የተመቱት ከኋላ ነው። ጠረጴዛው ላይ ግን ምንም የተረበሸ ነገር አይታይም። አራት ትሪዎች ተደርድረዋል፤ በየትሪው ላይ ትኩስ ቅጠልና ቅርንጫፍ በሥርዓት ተቀምጧል።

መርማሪዋ አሮጊቷ አጠገብ ቁጢጥ አለች። «እናቴ፣ ምን ተፈጠረ?»

«ጋሼ ጠዋት ከግቢው ቅጠላ ቅጠሉን ቆራረጡ፤ እኔ በጆንያ ተሸክሜ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። ‹እንደተደባለቀ ይቆይ፣ እንዳትነኪው፤ ከሰዓት ተማሪዎቹ ራሳቸው ይለዩታል› አሉኝ። ወንበር ላመጣ ሄጄ ስመለስ ወድቀዋል። ቀና ላደርጋቸው ብዬ ነው ልጄ፣ ደሙ የነካኝ።»

መርማሪዋ ቀስ ብላ ተነሳች። የተደባለቀው ክምር አሁን በአራት ትሪ ተለይቷል። ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው አጠገብ ባለው ቁም ሳጥን ሥር አየች፤ ብጥስጣሽ ቅጠልና አፈር ገብቶበታል። ሁለተኛው ትሪ ላይ ካሉት ላባ መሰል የፈርን ቅጠሎች አንዱን ገለበጠችው። ከጀርባው የደም ጠብታ ደርቆበታል፤ ትሪው ግን ንጹሕ ነው።

የሟቹ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። እዚያው ተቋም ተማሪ ናት።

«ጠዋት ከአባትሽ ጋር ስትጨቃጨቁ ሰው ሰምቷል።»

«እውነት ነው። አባቴ ‹ምክትሌ በቂም የጣላችሁን ተማሪዎች ዛሬ ራሴ እፈትናለሁ፣ እሱንም ከማስተማር አስነሳዋለሁ› ሲለኝ፣ ‹እስከ ዛሬ የት ነበርክ!› ብዬ ጮህኩበት። የመጨረሻ ቃሌ እሱ ሆነ።»

መርማሪዋ በበሩ በኩል ጠረጴዛውን አሳየቻት። «እነዚያን ትሪዎች ምንም እንደማያውቅ ሰው አስረጂኝ።»

ልጅቷ ዓይኗን ጠረገች። «የመጀመሪያው ሞስ ነው፤ ድንጋይና ግንድ ላይ የሚለጠፈው፣ ውሃ የሚያመላልስበት ሥር የሌለው። ሁለተኛው ፈርን፤ ሥርና ግንድ አለው፣ ዘር ግን የለውም። ሦስተኛው እንደ ጥድ ያለው ነው፤ ዘሩ በፍሬ አይሸፈንም። አራተኛው አበባ የሚያወጣው። እዚያ ላይ ያለውን ሸውሸዌ ብዙ ሰው ከጥድ ይቆጥረዋል፤ ቅጠሉ መርፌ ይመስላላ። ግን የአበባ ወገን ነው።»

ምክትሉ በተተኮሰ ነጭ ጋዋን ቢሮው ተቀምጦ ነበር። «እኔ ዛሬ እዚያ ክፍል እግሬን አላስገባሁም። ያቺ ሴትዮ፣ መምህሩ በየቀኑ ስለሚቆጧት፣ ቂም ይዛባቸው ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይታወቃል?»

«እንዲህ ያለ ሰው» የምትለዋን ቃል መርማሪዋ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈቻት። ይህ ሰው እኚያን እናት ዕድሜ ልካቸውን እስር ቤት ሊያስበሰብስ ነው፤ ደግሞ ክራባቱ እንኳ አልተዛነፈም።

ሁሉንም ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነስቷል። በሦስተኛው ትሪ ላይ ጥድ፣ በአራተኛው ላይ የአበባ ዘንጎች ነበሩ፤ ከአራተኛው የሸውሸዌዋን ቅርንጫፍ አስቀድማ አንስታ ይዛለች።

«ሟቹ ሲመቱ ክምሩ አብሮ መሬት ወድቋል» አለች። «ፈርኑ ላይ ደም የነካው ያኔ ነው። ትሪው ንጹሕ ስለሆነ የተለየው ከሞቱ በኋላ ነው ማለት ነው። የለየው ሰው ገዳዩ ነው፤ ሁሉንም ሳይሳሳት ለይቶታል። አሁን ይህችን ቅርንጫፍ ከወገኗ አስቀምጡልኝ። መጀመሪያ አንተ።»

ፖሊሱ ቅርንጫፏን አገላብጦ ጥዱ ላይ ጣላት። አሮጊቷም በታሰረ እጃቸው እዚያው አኖሯት። ልጅቷ ስትቀበል ፊቷ አመድ መሰለ። ትሪዎቹን፣ ከዚያም መርማሪዋን አየች፤ አራተኛው ላይ አስቀመጠቻት።

«አባቴ ያስተማረኝ እንዲህ ነው። ከፈለጋችሁ እሰሩኝ።»

ምክትሉ ከንፈሩን መጠጠ። ቅርንጫፏን በሁለት ጣቱ አንስቶ ጥዱ ላይ አኖራት።

«ምን!» ልጅቷ ጮኸች። «አምና ይህችኑ ከጥድ ስላስቀመጥኩ ክፍሉን ሁሉ አስቀህብኝ ዜሮ የሰጠኸኝ አንተ አይደለህም? አባቴ ቤት ወስዶ ያስጠናኝ አንተ ስለጣልከኝ አይደለም?»

«ሐዘን ላይ ነኝ… ተምታታብኝ።»

«ልጅቷ ትክክለኛው መልስ እንደሚያስከስሳት አውቃ ተናገረችው» አለች መርማሪዋ። «እርስዎ ግን ሸሸጉት። ወይስ ከነጭራሹ አያውቁትም? እንዲያ ከሆነ ሟቹ ልክ ነበሩ፤ ይህን የማያውቅ ሰው ማስተማር የለበትም።»

«እኔ አላውቅም?» ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። «እኔ! ስንት ዓመት ሙሉ በእሱ ጥላ ሥር የኖርኩት! በደንቆሮ ተማሪዎች ፊት ሊያዋርደኝ ነበር! ታዲያ ጥዱ ከፈርን፣ ፈርኑ ከሞስ ጋር ተዘባርቆ መሬት ላይ ጥዬው ልሂድ? ሥርዓት አለ እኮ!»

ሁሉም ዞረው አዩት። ምክትሉ የተናገረውን የሰማው ከሁሉም መጨረሻ ነበር።

«ሰው ገድለው ስለ ሥርዓት ያወራሉ» አለች መርማሪዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የሣርና የቅጠሉን ደረጃ ጠብቀው፣ እኚህን እናት ግን ከነፍሰ ገዳይ ወገን መደቧቸው። ፍታቸው!»

ፖሊሱ ቁልፉን ይዞ ተንበረከከ። ካቴናው ቶሎ አልከፈት አለው። የአሮጊቷ አንጓ አብጦ ቀልቷል።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

አሮጊቷ አንጓቸውን እያሹ ቀና ብለው አዩት።

«እጄን አስረህ ስትገፈትረኝም ‹ልጄ› እያልኩህ ነበር እኮ» አሉት።