የረጠበው ድንጋይ

ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም። ቃታውን የሳብኩት እኔ ባልሆን ኖሮ፣ እኔም አላምንም ነበር።

ረፋድ ነው፤ አራት ሰዓት ገደማ። ሁለቱን ኮሪያዎች በሚለየው የባሕር ድንበር ላይ፣ የጦር ጀልባችንን ከደሴታችን ፊት ለፊት አቁመናል። ጉሙ የመትረየሴን አፈሙዝ እንኳ አያሳይም።

አለቃችን ካፒቴን ኦክ ቴሶብ የደሴቲቱ ልጅ ነው። ወደቡን ከጠላት አድኖ ሜዳሊያ ተሸልሟል።

"ይህን ቆርቆሮ ለሾርባ ልቀቅለው?" ትለው ነበር እናቱ።

እሷ ትንፋሿን ይዛ ባሕር ወለል የምትወርድ፣ ቀንድ አውጣ የምትለቅም ጠላቂ ነበረች። ባለፈው መኸር ጠለቀች... አልወጣችም።

ራዳሩ ላይ አንድ ነጥብ ታየ። ወደ ወደቡ ይገሰግሳል።

"ዶንግሃ፣ አነጣጥር" አለኝ ካፒቴኑ።

ያኔ ፉጨቱ መጣ...

ጠላቂዎቻችን ከውኃው ብቅ ሲሉ የሚተነፍሱት በፉጨት ነው። የደሴቲቱ ልጅ ሁሉ የእናቱን ፉጨት ከመቶው ይለያል።

ካፒቴኑ እጄን ያዘ።

"ቆይ... እናቴ ናት።"

"ካፒቴን፣ እባክዎ..."

"ዝም በል። ስማ።"

ሰማሁ። ጠላቂ ታፏጫለች፣ አየር ትስባለች፣ ትጠልቃለች። ይህ ግን አያቋርጥም። አየር የሚስብበት ፋታ የለውም...

የሚመጣውም ነጥቡ ካለበት ነው።

ካፒቴኑ ሬዲዮኑን አነሳ። የጠላቂዎቹ አለቃ እማማ ጎ መለሱ።

"እማማ፣ ባሕር የገባች ሴት አለች?"

"በዚህ ጉም? አብደሃል እንዴ! ሁላችንም እሳት እየሞቅን ነው።"

"እስቲ ደግመው ይዩልኝ።"

ሴቶቹን አንድ በአንድ ሲቆጥሩ በሬዲዮኑ ይሰማል።

"ቴሶብ ልጄ..." ድምፃቸው ወረደ። "ሁላችንም አለን። የእናትህ ድንጋይ ግን... ረጥቧል።"

እሳቱ ዳር እያንዳንዷ ጠላቂ የራሷ መቀመጫ ድንጋይ አላት። የሟች ድንጋይ ላይ ማንም አይቀመጥም።

ነጥቡ የወደቡ አፍ ደረሰ። ፉጨቱም አብሮት።

ካፒቴኑ ዓይኑን ጨፈነ።

"እማዬ... መንደሩ እኮ ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ተኩስ።"

ተኮስኩ።

ፉጨቱ ተቆረጠ። ነጥቡም ጠፋ።

ጉሙ ሲገፈፍ ስባሪ አላገኘንም፤ ዘይት አላገኘንም። ዝም ያለ ባሕር ብቻ።

ወደብ ገብተን ወደ እሳቱ ስንሄድ እኩለ ቀን አልፏል። ሴቶቹ ከእሳቱ ርቀው ግድግዳ ተደግፈዋል። አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩንም።

የካፒቴኑ እናት ድንጋይ እሳት ዳር ሆኖ አሁንም ውኃ ያንጠባጥባል።

መሐሉ ላይ አንድ አረር ተቀምጧል። የእኔ መትረየስ አረር።

ካፒቴኑ አነሳው... ወዲያው ከእጁ ጣለው።

ገና ይፋጅ ነበር።