ቅዳሜ እናየዋለን

ሐሙስ ነበር፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ። ሱቁ ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት ሰዓቶች ሁሉ በትክክል የሚሄደው አንዱ ብቻ ነበር፤ እየተጣላን ዓይኔ የነበረው እሱ ላይ ነው።

እጮኛዬ ሰዓት ሠሪ ነበር። የተዋወቅነው ቆመብኝ ብዬ የእጅ ሰዓቴን ስወስድለት ነው። ጆሮው ላይ አስጠግቶ አዳመጠና፣ «ጤነኛ ነው፤ አንቺ ነሽ ያልሞላሽው» አለኝ። አፈርኩ። በሳምንቱ ሆን ብዬ ሳልሞላው ተመልሼ ሄድኩ።

ደንበኛ ይጠገን አይጠገን እያለ ሲያመነታ፣ ሰዓቱ ላይ ቁራጭ ወረቀት አስሮ ከጀርባው ካለው ሚስማር ላይ ያንጠለጥለዋል። «ቅዳሜ እናየዋለን» ይላል። የእኛንም ጠብ እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። ያልተስማማንበትን ነገር ጽፎ ይሰቅለዋል፤ ቅዳሜ ሲያወርደው አብዛኛውን ጊዜ ስቀን እንቀደዋለን። እኔ ግን ነገር ማሳደር አይሆንልኝም። ለዚህም «ዳኛዋ» ይለኝ ነበር።

የዚያን ዕለት የተነሳው የእናቱ ጉዳይ ነው። ልንጋባ ሁለት ወር ቀርቶን ነበር።

«እማዬን ብቻዋን ጥያት አልወጣም።»

«ያለችን አንድ ክፍል ናት! በመጋረጃ ተከፍለን ልንኖር ነው?»

«መጋረጃ ምን አለው?»

«እሳቸው ከወዲያ ባስነጠሱ ቁጥር እኔ ከወዲህ ‹ይማርዎት› ስል ልኑር?»

ሳቁን ሲውጥ አየሁት። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ወረቀት አነሳ።

«እንዳትጽፍ! እናትህን ሚስማር ላይ አትሰቅላቸውም። አሁኑኑ ቁረጥ፤ እኔ ወይስ እሳቸው?»

ቀስ ብሎ ጻፈና ሰቀለው።

«ቅዳሜ፣ ዳኛዋ» አለኝ።

ቻው ሳልለው ወጣሁ።

አርብ ጠዋት ሱቁን ሊከፍት መንገድ ሲሻገር መኪና ገጨው። ቅዳሜ ቀበርነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከእናቱ ጋር ዕቃውን ልናወጣ ሱቁ ገባን። ወረቀቱ እንደተሰቀለ ነው፤ «እማዬ ከእኛ ጋር ትኑር? ቅዳሜ» ይላል። እናቱ ማንበብ አይችሉም።

«የልጄ ጽሑፍ ነው አይደል? ምን ይላል?» አሉኝ።

«የደንበኛ ነው፣ እማማ። ቅዳሜ የሚታይ።»

«እንግዲያው ባለቤቱ ይመጣላ። እንዳትጥይበት» አሉና አቧራውን በመዳፋቸው ጠርገው ሰጡኝ።

ወረቀቱ እኔ ጋ አለ። ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። ከእሱ ጋርም ክርክሩን አልተውኩም፤ አንድ ክፍል ለሦስት ሰው ይጠባል፤ አሁንም እንዲያ ነው የምለው።

እናቱ እኔ ጋ ከገቡ ዘንድሮ ሰባት ዓመታቸው ነው። መጋረጃውን የሰፋሁት እኔ ነኝ።